አቶ መሸሻ ስም ሲጠሩ

አቶ መሸሻ የበደሉኝ በኅዳር ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። የመጀመሪያ ልጄን ጡት ያስጣልኩበት ዓመት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቀኑን ለማስታወስ ግን ወረቀት ማገላበጥ አያስፈልገኝም።

ባለፈው ጥቅምት ሞቱ። የሰማሁት ከእድር ጥሩምባ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው መስሎ ሳለ፣ ጠሪው በቤቴ በኩል እያለፈ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ። ትንሽ ዝም አለ፤ ደግሞ ጠራ። እኔ ለሶላት ውዱእ ውኃ ይዤ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። «ኢንና ሊላሂ» አልኩ፤ ይህ ለሞተ ሰው ሁሉ የሚባል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው በተራቸው ሲጠሩ ሰምቼ ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ደስ አላለኝም ማለትም አልችልም።

የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የአሮጌውን ቤት ታሪክ እያሰባሰቡ ነው። ቤቱ ለመንገድ ተብሎ ፈርሷል። ከመካከላቸው አንዷ ቤቴ ድረስ መጥታ «ስለ ጋሽ መሸሻ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ። አንቱታውን የማልተወው ለእሳቸው ክብር ብዬ ሳይሆን ለራሴ አፍ ብዬ ነው።

የደብረ ብርሃን የመጀመሪያው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የድንጋይ ቤት ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ ብቻ። በዚህ ከተማ ነፋስ የማይገባበት ቤት አላውቅም፤ ያ ቤት ግን ነፋስ አይገባበትም ነበር። ብርዱ የራሱ ነበር። ውጭ ፀሐይ ስሞቅ ቆይቼ ስመለስ ቅዝቃዜው ከወለሉ ተነሥቶ በቁርጭምጭሚቴ ይይዘኝና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሎቹ ሠራተኞች አልቆዩበትም። አንዷ ወለደች፣ አንዱ ተዛወረ፣ አንዱ ሳይናገር ቀረ። የቆየነው እኔና አቶ መሸሻ ነን።

የቤቱን ታሪክ ለአዲስ አንባቢ ሁሉ ይተርኩ ነበር፤ ቢጠየቁም ባይጠየቁም። ያሠራው ከቆላ የመጣ ሹም ነው፤ የግብር እህል ያከማችበት ነበር። እሱ ሲሞት ቤቱ ፍርድ ቤት ሆነ። እኛ የምናነብበት አዳራሽ ችሎት ነበር፤ አሮጌ ጋዜጣ የምናስቀምጥበት የኋላ ክፍል ደግሞ ፍርድ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቆዩበት። መወርወሪያው በውጭ በኩል የሆነውም ለዚህ ነው። «ይህ ቤት መጀመሪያ እህል አስቀመጠ፤ ከዚያ ሰው አስቀመጠ፤ አሁን መጽሐፍ ያስቀምጣል። ማስቀመጥ የለመደ ቤት ነው» ይሉና ከብት እንደሚዳብስ ሰው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሳቀ፣ «አንተ፣ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ ሰው ሞት ተፈርዶበታል፤ ቀስ በል» ይሉታል። ልጁ ወንበር ይቀይራል። እሳቸው ይስቃሉ።

ረጅም ነበሩ፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ። ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ካፖርት ነው የሚለብሱት። ጣቶቹ የተቆረጡ የሱፍ ጓንት ያደርጉና ገጽ ከመግለጣቸው በፊት ጣታቸውን እፍ ይላሉ።

አንድ ሥርዓት ነበራቸው። አንባቢ ሲገባ መታወቂያውን በሩ አጠገብ ለተቀመጥኩት ለእኔ ይሰጣል፤ እኔ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ እሰጠዋለሁ። ሲወጣ ቆርቆሮውን መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመታወቂያው ሳጥን ባዶ መሆን አለበት። ካልሆነ አቶ መሸሻ የቀረውን መታወቂያ አንሥተው፣ አዳራሹ መሐል ቆመው፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። አባታቸው በዚያው አዳራሽ ችሎት አስከባሪ ነበሩ፤ ባለጉዳይ ሲጠሩ እንዲያ ነው አሉ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ሰው መዝገቡ ይዘጋበታል። እሳቸውም መልስ ሲያጡ «የለም» ብለው በትልቁ መዝገብ ይጽፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ረስቶ የሄደ ተማሪ ነው፤ በማግስቱ እየሮጠ ይመጣል። እሳቸው ግን ሳይጠሩ ቤቱን ቆልፈው አያውቁም። «ቤት ሲዘጋ ሰው ውስጥ መቅረት የለበትም» ይሉኝ ነበር።

መልካሙንም ልናገር፤ ዋሸች እንዳልባል። ከቆላው ከአሊዩ አምባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስመጣ የመጽሐፍ ጀርባና ሆዱን አልለይም ነበር። መመደብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተቀደደ ገጽ በዱቄት ሙጫ መጠገን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በረመዳን ወር ፊቴ ሻይ ጠጥተው አያውቁም፤ ፔርሙዛቸውን ይዘው ውጭ ብርድ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። አባቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ ወጥቶ አይቷቸው «አለቃሽ ደግ ሰው ነው» ብሎኝ ተመልሷል።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ።

መምህር ሽፈራው የደነባ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ያስተምራል፤ ክፍል በሌለው ሰዓት መጥቶ ለፈተና ያነባል። ሁልጊዜ ከመስኮት ሥር ነው የሚቀመጠው።

«ሐዊ፣ ዛሬም ወንበሬን ጠበቅሽልኝ?» ይለኛል፤ ሐዋ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አራት እግር ቢኖረውም ብቻውን አይሄድም» እለዋለሁ።

ወንድሙ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሎ መሰወሩን የሰማሁት ኋላ ነው። የሟች ወገኖች ገዳዩን ሲያጡ ከቤተሰቡ የሚበልጠውን ይፈልጋሉ፤ የተማረውን፣ ቤተሰቡ የሚመካበትን። ሽፈራው ይህን ያውቃል። አቶ መሸሻም ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለት ሰዎች መጥተው ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጋቢ ለብሰዋል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። ሽማግሌው ጠጋ ብሎ፣

«እህት፣ ሽፈራው የሚባል አስተማሪ እዚህ አለ?» አለኝ።

«እኔ የማውቀው ቁጥር ነው፤ ስም አላውቅም» አልኩት። መታወቂያው ፊቴ ሳጥን ውስጥ ነበር። ፊቱን ስላልወደድኩት ነው እንዲያ ያልኩት።

አቶ መሸሻ ከጠረጴዛቸው ሆነው ሰሙ። ተነሥተው ወደ መደርደሪያዎቹ መሐል፣ ሽፈራው ወደተቀመጠበት በኩል ገቡ። ብዙም አልቆዩም። ሲመለሱ ጓንታቸው ላይ አፈር ነበር። በዚህ መሐል ሰዎቹ ገብተው አዳራሹ ውስጥ ቆመዋል። ከመስኮቱ ሥር ወንበሩ ባዶ ነው፤ መጽሐፉ እንደተገለጠ ነው።

«የምትፈልጉት ሰው በምሳ ሰዓት ወጥቷል» አሏቸው።

«መታወቂያው እኮ ይኸው!» አለ ወጣቱ፣ ሳጥኑን እያየ።

«ረስቶት ነው። ይህች ልጅ በምሳ ሰዓት ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ማን ይስጠው?»

«እኔ?» አልኩ። ምሳዬን ወንበሬ ላይ እንደምበላ ያውቃሉ። ያን ቀን ዳቦዬን ስበላ ፍርፋሪው መዝገቡ ላይ ወድቆ የተቆጡኝ ራሳቸው ናቸው።

«አንቺ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ። ዝም በይ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታ ነው የተያዝኩት።

ሰዎቹ ቤቱን ፈተሹ። በመደርደሪያዎቹ መሐል አለፉ፤ የኋላውን ክፍልም ከፍተው አዩ። አሮጌ ጋዜጣና ወለል እንጂ ሌላ አላገኙም። ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አልሄዱም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አቶ መሸሻ የሽፈራውን መታወቂያ አንሥተው፣ አዳራሹ መሐል ቆመው፣ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ሰዎቹ ውጭ ሆነው ያዳምጣሉ። «የለም» ብለው ጻፉ። «ሂጂ አንቺ፣ ልጅሽ ይጠብቅሻል፤ እኔ እቆልፋለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ስመጣ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ጢማቸውን አልተላጩም። በሳምንቱ የኋላው ክፍል ወለል ሲሚንቶ ፈሰሰበት፤ እርጥበት ጋዜጣውን እየበላ ነው ተባለ። ከላዩ ከባዱን መደርደሪያ አቆሙበት። ሽፈራው ግን አልተመለሰም። ትምህርት ቤቱም አልሄደም፣ የተከራየው ቤትም አልገባም።

እህቱ የሺመቤት ከደነባ መጣች። ፖሊስ መጣ። ቀጥሎ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡና እኔን ጠሩኝ። ከአገሬ የመጡ ሽማግሌዎችም ባሉበት ቁርኣን ይዤ «ወላሂ፣ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ ሽፈራው በበሩ አልወጣም» ብዬ ማልኩ።

«ታዲያ የት ገባ?» አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

ቁርኣኑን ለሰጡኝ መለስኩ።

አቶ መሸሻ አልማሉም። ማንም ይማሉ አላላቸውም። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው «ሠራተኛዋ በምሳ ሰዓት በሥራ ገበታዋ ላይ አልነበረችም» ብለው ጽፈው ፈረሙ፤ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎችም በዕለቱ እንዲያ መባላቸውን መሰከሩ። በቃ። እኔ በቁርኣን በሐሰት የማልኩ ሴት ሆንኩ። የሺመቤት ከግቢው በር ላይ ጠብቃ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«አንቺ ሆዳም! ምሳሽን ልትበዪ ሄደሽ ወንድሜን አስበላሽብኝ!» አለችኝ።

ወሬው አሊዩ አምባ ገበያ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ መሐላ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እመልስለት ነበር።

የሽፈራው ወገኖች ደግሞ «በምሳ ሰዓት ሲወጣ ይዘው ገደሉት፤ ሬሳውንም ሰወሩት፤ ኋላ መጥተው የጠየቁት ለማስመሰል ነው» አሉ። በዓመቱ ከዚያኛው ወገን አንድ ሰው ደነባ ገበያ መሐል ተወግቶ ሞተ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ መንገድ መሄድ ተዉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መሳለምም ተዉ።

እኔን ጎረቤላ አዛወሩኝ፤ መዝገብ ቤት። ከአንኮበር በኩል የሚመጣው ጉም በመስኮት ገብቶ ፋይሉን የሚያርስበት ክፍል ነበር። አራት ዓመት እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ሳሰላስል ኖርኩ። በኋላው ክፍል ብረት የሌላት ትንሽ መስኮት ነበረች። አቶ መሸሻ ሽፈራውን በእሷ አሾልከው አስወጥተውታል ብዬ አመንኩ። አንድ ቦታ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ነፍስ ለማዳን ብለው ነው እኔን የሸጡኝ ብዬ ይቅር ልላቸው ይቃጣኛል። ወዲያው ደግሞ፣ ከዳነ ለእህቱ እንዴት አንድ ቃል አይልክም? እላለሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ እዚያው ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ መደቡኝ። አቶ መሸሻ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ፀጉራቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ መሐል ቆሙና የሽፈራውን ስም ጠሩ። ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ጋሽ መሸሻ፣ አሁንም ይጠሩታል?»

«መታወቂያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ደንብ ነው» አሉኝ።

አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሦስት ጊዜ ሲጠሩት ከርመዋል። ቋሚ አንባቢዎች ለምደውታል፤ ሰዓት እንደሚደውል ሁሉ መጽሐፋቸውን ይሰበስባሉ። እኔ አልለመድኩትም። የሚያስፈራው አጠራራቸው አልነበረም፤ ከጠሩ በኋላ የሚጠብቁት ነው። ሰው «አቤት» ለማለት የሚበቃውን ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ አያሳንሱም፤ ከዚያም አያስረዝሙም።

የኋላው ክፍል መሽተት የጀመረውም እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ነው፤ ወይም ቀድሞም ይሸት ነበርና ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ነው። ቆላ ያደገ ሰው አይስተውም፤ እርጥብ፣ ጎምዛዛ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር።

«ይህ ቤት የእህል ጉድጓድ አለው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«የአሮጌ ወረቀት ሽታ ነው» አሉኝ። አቶ መሸሻ ስለዚያ ቤት የማያውቁት አልነበረምና አመንኳቸው።

አንድ የሐምሌ ቀን ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ድንገት አቆመ። አዳራሹ ውስጥ እኔና እሳቸው፣ አንዲት ነርስነት የምትማር ልጅም ነበረች። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ጠሩ። ጠበቁ። ደግመው ጠሩ። ጠበቁ። በሦስተኛው፣

«አቤት።»

ቀጭን ድምፅ ነበር። ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከታች ነው። ብርድ ልብስ አፉ ላይ ተደርቦበት እንደሚናገር ሰው። ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። «መታወቂያሽ!» ብዬ ተጣራሁ፤ ዞራ አላየችኝም፤ ተመልሳም አልወሰደችውም። እኔ ወደ በሩ አየሁ። ሰው ድምፅ ሲሰማ የሚያየው ወደ በር ነው። አቶ መሸሻ ግን በሩን አላዩም። ወለሉን አዩ።

አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መዝገቡን ሳይከፍቱ ቆልፈን ወጣን። በማግስቱ ቀድሜ ገብቼ ገጹን አየሁት። ያን ቀን «የለም» ብለው አልጻፉም።

ዓመታት አለፉ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ። ሲወጡ መታወቂያውን ከሳጥኑ አንሥተው ይዘውት ሄዱ። እኔም በተራዬ ወጣሁ። መጻሕፍቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ተጓዙ። ባዶው ቤት እስኪፈርስ ድረስ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ጥቂት ወራት ተጠለሉበት። ለልጆቿ ልብስ ይዤ የሄድኩላት አንዲት እናት የኋላው ክፍል ደርሷት ነበር። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝና፣

«እማማ፣ ለኃላፊዎቹ ይንገሩልኝ፤ ከዚህ ያውጡን። ድንኳን ይሻለኛል» አለችኝ።

«በዚህ ብርድ? ምን ሆናችሁ?»

«ልጆቼ ተኝተው ‹አቤት› ይላሉ። ማንም ሳይጠራቸው። ሁለቱም፣ አንድ ላይ።»

ይህን ለአቶ መሸሻ ልጅ ለአልማዝ ገበያ ላይ አግኝቻት ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት ዛሬም አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «አባዬ ታመዋል፤ ሐዋን ጥሪልኝ፣ ቤቱ ሳይፈርስ አሁኑኑ እያሉ ነው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አልማዝ ሻይ ሰጥታን ገባች። ብዙ ሳይቆዩ ጀመሩ።

«ሐዋ፣ ያ ሹም ቆላ እንደለመደው የኋላው ክፍል ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። በልጅነቴ ለአባቴ ምሳ ሳደርስ አይቼዋለሁ፤ ድንጋይ ተገጥሞበታል። ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልቀረም ነበር።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ሽፈራውን እዚያ ነው ያስገባሁት። ‹ሰዎቹ እስኪሄዱ ነው› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ። ድንጋዩን መለስኩበት። ሰዎቹ የሄዱት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ድንጋዩን አነሣሁና ጠራሁት። ሦስት ጊዜ ጠራሁት።»

ጓንት የሌለውን እጃቸውን ዘርግተው አዩት።

«አልቆሰለ፣ ውኃ አልነበረበት። ምን ገደለው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«አየሩ ነው» አልኳቸው። «ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ አየሩ ይገድላል። እኛ አገር ከፍተን እናሳድረዋለን። በማግስቱ ችቦ እናወርዳለን፤ እሳቱ ከጠፋ ሰው አይወርድም። የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል።»

ደጋ ተወልደው ደጋ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እህል በጎተራ እንጂ በጉድጓድ አያውቁም። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ይህን አያውቁም ነበር።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ማንንም አልጠየቁም። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አሥር እርምጃ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ለነፍሱ ብዬ ነበር የጀመርኩት» አሉ። «አንቺ ቦታሽ ላይ አልነበርሽም ያልኩት ለነፍሱ ነበር። ከሞተ በኋላ ቃሌን ብመልስ እኔ ገዳይ ልሆን ነው። ፈራሁ። አሁንም ፈርቻለሁ። እስክሞት ለማንም ሳትነግሪ ጠብቂኝ፤ ብዙ አይቀረኝም።»

ሻሌን አስተካክዬ ተነሣሁ። ያን ጊዜ የሻሌን ጫፍ ያዙ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሲመልስልኝ… አንቺም ሰምተሽዋል አይደል? ወይስ የእኔ ጭንቅላት ነው?»

ፊታቸውን አየሁት። ለዚያች መልስ ብለው ዓመታት የጠበቁ ሰው ፊት ነው። እኔም አንድ ሰው «አምንሻለሁ» እንዲለኝ ጠብቄያለሁ።

«አልሰማሁም፣ ጋሽ መሸሻ» አልኳቸው። «ማንም አልመለሰም።»

በሕይወቴ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ግን አስቤበት የዋሸሁት ይህን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁና ፈረምኩ። ሲሚንቶው ሲሰበር እዚያ ነበርኩ። ዐፅሙ ተቀምጦ ነበር፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ። አቶ መሸሻን ስለ ሕመማቸው አላሰሯቸውም፤ ቤታቸው ሄደው ጠየቋቸው፤ ሁሉንም አመኑ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ።

ከመሞታቸው በፊት እኔ ደነባ ሄጄ ነበር። የሺመቤት አርጅታለች። ቆማ ሰማችኝ።

«እንግዲያ እነዚያ ሰዎች አልነኩትም?» አለችኝ።

«አልነኩትም።»

«ለእሱ ብለን የገደልነው ሰውስ?»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያም፣

«አንቺን ሠላሳ ዓመት ረግሜሻለሁ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

ዐፅሙ ደነባ ተቀበረ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች እርቁን ጀምረዋል፤ ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ያየሁትን ተናግሬያለሁ።

ወደ አቶ መሸሻ ቀብር አልሄድኩም። ለቅሶም አልደረስኩም። አልማዝ መንገድ ላይ ስታየኝ ታጥፋለች፤ አልፈርድባትም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወረድኩ። ስምል ከነበሩት የአገሬ ሰዎች በሕይወት ያለው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ከአጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ጆሮው አይሰማም። ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው መኪና ላይ ተሳፈርኩ።